ውሃ መርጨት ያቆመው መጫወቻ ሽጉጥ

ጥያቄ፦ የልጄ የፕላስቲክ የውሃ ሽጉጥ ለወራት ተቀምጦ ከቆየ በኋላ ውሃ መርጨት አቁሟል። ምላጩ ሲሳብ ምንም ሳይከብድ ልል ሆኖ ይሄዳል፤ ከአፈሙዙም ከጠብታ በቀር የሚወጣ ነገር የለም። በዚህ ላይ ሁለቱ የፕላስቲክ ግማሾች ከተጋጠሙበት መስመር ውሃ ያንጠባጥባል። ባለቤቴ መጋጠሚያውን በሱፐር ግሉ እናጣብቀው ይላል፤ እኔ ደግሞ ጨርሶ እንዳይበላሽ ፈራሁ። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ማጣበቂያውን ለጊዜው ያቆዩት። የነገሩን ሁለት ችግሮች፣ ማለትም የምላጩ መላላትና የመጋጠሚያው ማንጠባጠብ፣ ምንጫቸው አንድ ሊሆን ይችላልና።

በምላጭ የሚሠራ የውሃ ሽጉጥ በውስጡ ትንሽ ፓምፕ አለው። ምላጩ ሲሳብ ፒስተኑ ውሃውን ወደ አፈሙዙ ይገፋል፤ ሲለቀቅ ደግሞ ሞላው ፒስተኑን ይመልሰውና ፓምፑ ከማጠራቀሚያው በቱቦ አዲስ ውሃ ይስባል። ውሃው የመጣበትን መንገድ ተከትሎ እንዳይመለስ የሚያግዱት ሁለት ቫልቮች ናቸው፤ እነዚህም ብዙውን ጊዜ ከትንሽ ኳስ ወይም ከስስ ጎማ የተሠሩ ናቸው። አፈሙዙ ተደፍኖ ቢሆን ኖሮ ምላጩ አልሳብ ይል ነበር፤ እንዲህ ልል መሆኑ ግን ፓምፑ በውሃ ፋንታ አየር እየገፋ መሆኑን ያመለክታል።

ለብዙ ጊዜ ሳይሠራ በቆየ ሽጉጥ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ደርቆ የተጣበቀ ቫልቭ ነው፤ ይህንን ለመሞከር ምንም መፍታት አያስፈልግም። ማጠራቀሚያውን ለብ ባለ ውሃ ሞልተው ሽጉጡን ለግማሽ ሰዓት ያህል ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፤ ከዚያም እዚያው እንደተነከረ ምላጩን ደጋግመው ይሳቡ። ነጭ የውሃ ዝቃጭ የሚታይ ከሆነ ኮምጣጤና ውሃ እኩል ቀላቅለው መዘፍዘፍ ዝቃጩን ያሟሟዋል፤ ነገር ግን ሞላው ብረት ስለሆነ እንዳይዝግ ወዲያው በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ያሻል። (ሽጉጡ ጥቂት ረጭቶ የሚያቆም ቢሆን ኖሮ ክዳኑን ላላ አድርገው እንዲሞክሩት እንነግርዎ ነበር፤ የአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ሲደፈን ውሃው ከማጠራቀሚያው አይወጣምና።)

በዚህ ካልተስተካከለ አካሉን አገላብጠው ይመልከቱ። ብሎኖች ካሉትና ማጠራቀሚያው ለብቻው የሚወልቅ ከሆነ፣ መጋጠሚያው ድሮውንም ውሃ እንዲይዝ አልተሠራም። ከዚያ የሚንጠባጠበው ውሃ ውስጥ ካለው ቱቦ ወይም ከፓምፑ የፈሰሰ ነው፤ ያ ቱቦ ደግሞ ከቦታው ከወለቀ ፓምፑ አየር መሳቡ አይቀርም። እንግዲህ መጋጠሚያውን በሱፐር ግሉ ማጣበቅ ማለት የመጠገኛውን በር መዝጋት ነው። ይልቁንስ ውሃውን አፍስሰው፣ ሽጉጡን በጎኑ አጋድመው ብሎኖቹን በትንሽ ካቻቪቴ ይፍቱ፤ የላይኛውንም ግማሽ ሞላው ተፈናጥሮ እንዳይጠፋ ቀስ ብለው ያንሡት። አንዳች ነገር ከመነካቱ በፊት ፎቶ ማንሣት መልሶ ለመግጠም እጅግ ይረዳል። የቱቦው ጫፍ ሰፍቶ ከላላ ጥቂት ሚሊሜትር ቆርጠው እንደገና ይሰኩት። በፒስተኑ ዙሪያ ያለው የጎማ ቀለበት ደርቆ ከሆነ የሲሊኮን ቅባት ይቀቡት፤ ቫዝሊን ግን አንዳንዱን ጎማ ስለሚያሳብጥ አይመከርም።

ብሎን ከሌለውና አካሉ ራሱ ማጠራቀሚያ ከሆነ ግን በቢላ ለመፈልቀቅ አይሞክሩ። የባለቤትዎ ሐሳብ ተገቢ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ሆኖም ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ስለሚሰባበር ሁለት ቱቦ የሚቀላቀለው ኤፖክሲ ይሻላል። ስንጥቁ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ሻከር አድርገው ይቀቡት፤ እስኪጠነክርም ውሃ አይሙሉበት። ሲዳሰስ ሰም ሰም የሚለው ለስላሳ ፕላስቲክ ግን የትኛውንም ተራ ማጣበቂያ አይቀበልም፤ እንዲህ ከሆነ ባይደክሙበት ይሻላል።

ይህ ሁሉ በእጅ በታመቀ አየር ለሚሠራው ትልቁ ዓይነት አይሆንም። የእርስዎ እንዲህ ያለ ከሆነ፣ የተሰነጠቀ ማጠራቀሚያ በግፊት ሊፈነዳ ስለሚችል በማጣበቂያ አይጠገንም፤ ለሌላ ብልሽት ሲከፈትም አስቀድሞ ምላጩን ይዞ አየሩን ሙሉ በሙሉ ማስወጣት ያስፈልጋል።