መልስ፦ የኋላ አክስልን ከፍታ ከሻሲው አንጻር ስለ መወሰን

ሞተርና ቦዲ ባልተጫነበት አዲስ ሻሲ (የመኪናው የብረት አጽም) ላይ የኋላው አክስል (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው አግዳሚ) በየትኛው ከፍታ መታሰር እንዳለበት ጠይቀዋል። መነሻዎ ባሌስትራው (ሻሲውን በአክስሉ ላይ የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ስፕሪንግ) ሳይሆን ጎማው ይሁን፤ ክብደት ያላረፈበት ባሌስትራ ጎብጦ ስለሚቆም የሚያሳየው ከፍታ ያሳስታል።

ለምሳሌ የ235/75 አር 15 ጎማ ቁመት 733 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ግማሹም 367 ነው፤ መኪናው ሲያርፍበት ግን ጎማው ስለሚጨፈለቅ የአክስሉ መሐል ከመሬት 350 ላይ ይሆናል እንበል። የሻሲው የታችኛው ጠርዝ 450 ላይ እንዲውል ከፈለጉና የአክስሉ ቱቦ የውጭ ዲያሜትር 76 ከሆነ፣ በሁለቱ መካከል የሚቀረው 62 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከዚህ ላይ ጎሚኒው (አክስሉ ከሻሲው ጋር እንዳይጋጭ የሚያቆመው ላስቲክ) ድርሻውን ሲወስድ ለኮረኮንች መንገድ የሚተርፍ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ እኔ ብሆን ሻሲውን ከአክስሉ በላይ ወደ ላይ አጥፌ ቢያንስ 100 ሚሊ ሜትር ክፍተት እሰጠዋለሁ።

ልኩ ከታወቀ በኋላ ሻሲውን በካቫሌቲ (በብረት መደገፊያ እግሮች) ላይ አስቀምጠው በውሃ ልክ ያስተካክሉ፤ በአክስሉና በሻሲው መካከል በልኩ የተቆረጠ ብረት ደግፈው የባሌስትራውን ማሰሪያዎች በነጥብ ብየዳ ብቻ ይያዙ። ነዳጅ ሲሰጥ የዲፈረንሻሉ (በአክስሉ መሐል ያለው የጥርስ ሳጥን) አፍንጫ ወደ ላይ ስለሚነሳ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ከካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) መውጫ ዘንግ ጋር ትይዩ ከሆነው መስመር 2 ዲግሪ ያህል ዝቅ ቢል ይመረጣል፤ ይህ ሲዘነጋ ካርዳኑ (ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ) ይንቀጠቀጣል፣ ክሮቸራውም (የካርዳኑ የመስቀል መገጣጠሚያ) ቶሎ ያልቃል። ሙሉውን ብየዳ ሞተሩ፣ ወንበሮቹና ነዳጅ የሞላው ታንከር ተጭነው ከፍታው እንደገና እስኪለካ ድረስ ያቆዩት።