ረሃብ ካንሰሩን ይበላዋል ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። እማዬ የጡት ካንሰር ታማ ኬሞ ጀምራለች፣ ሁለተኛውን ወስዳለች። ጎረቤታችን ቲክቶክ ላይ አይታ "ሰው ሲራብ ሴሉ ራሱን ይበላል፣ ካንሰሩንም ይጨርሰዋል፣ ኦቶፋጂ ይባላል፣ ኖቤል የተሸለመ ነገር ነው" አለቻት፣ ከዛ ቀን ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳን አትቀምስም። አጥሚት ይዤ ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፣ ቀሚሷ ሁሉ ሰፍቷታል። እውነት ነው እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር ይማራቸው። ኦቶፋጂ የሚባል ነገር አለ፣ ኖቤሉም እውነት ነው፣ ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ የእርሾ ሴል አስርቦ በማይክሮስኮፕ እያየ በሰራው ስራ እ.ኤ.አ. በ2016 ተሸልሟል። ካንሰሩን ይጨርሰዋል የሚለው ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ቆራሌው ሰፈራችሁ እየጮኸ ሲዞር ትሰሚው የለ? የተሰበረውን ባልዲ፣ ያረጀውን ቆርቆሮ ሰብስቦ ይሄዳል፣ ምናለሽ ተራ ገብቶ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል። ሴልም ውስጡ የተበላሸውን ነገር ጠቅልሎ ላይሶዞም ወደሚባል ማፍረሻው ይወስድና የወጣውን መልሶ ለጥገናና ለጉልበት ይጠቀምበታል፣ ሲራብ ደግሞ ይሄን ስራ ይጨምራል፣ ለምን ብትይ እንዳይሞት ነው። ሴል ራሱን በላ ማለት ሞተ ማለት አይደለም! ሴል ራሱን የሚገድልበት መንገድ ሌላ ነው፣ አፖፕቶሲስ ይባላል፣ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚያድገው ያንን መንገድ ዘግቶ ነው።

ታዲያ ኦቶፋጂ ለማን ነው የሚያደላው? ካንሰር ሳይነሳ በፊት ለእኛ ነው፣ ቆሻሻው ሲጸዳ ሴል አይበላሽም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የተመራማሪዋ ቤዝ ሌቪን ቡድን ቤክሊን 1 የተባለው የኦቶፋጂ ጂን (ዘረ መል) የጡት ካንሰር ሴል እድገትን እንደሚገታ አሳይቷል። ካንሰሩ አንዴ ስር ከሰደደ ግን እሱም ይጠቀምበታል፣ ደም በደንብ የማይደርሰው ቦታ ላይ ያለው ሴል የራሱን ቁራጭ እየበላ ይቆያል፣ ኬሞ ሲመታውም የተጎዳውን እየጠገነ ሊያመልጥ ይችላል። ተመራማሪዎች እንደውም ኦቶፋጂን የሚያግድ መድሀኒት ከኬሞ ጋር ሞክረዋል፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ነው፣ የምናውቀው የወባ መድሀኒት የክሎሮኪን ዘመድ። (እባክሽ እሱንም ከፋርማሲ ገዝታችሁ እንዳትሰጧቸው፣ በሙከራ ያለ ነገር ነው፣ ልብም ሊጎዳ ይችላል።)

ስቴም ሴል የሚባለው፣ ሌሎች ሴሎች የሚወለዱበት እናት ሴልም አለ። መቅኒ ውስጥ ደም የሚሰሩት ስቴም ሴሎች ለዓመታት ተረጋግተው የሚቆዩት በኦቶፋጂ እየታገዙ ነው፣ አይጥ ላይ ለኦቶፋጂ የሚያስፈልግ ጂን ሲጠፋ የደም ስራው ይቃወሳል። ስቴም ሴል መሰል የካንሰር ሴሎችም በዚሁ ዘዴ አድፍጠው ከህክምና ሊያመልጡ እንደሚችሉ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ስለዚህ እናትሽ ሲራቡ ማን እንደሚጠቀም ከቤት ሆኖ መወሰን አይቻልም፣ ኬሞ ላይ ያለ ሰው ሲከሳና ውሃ ሲያጥረው ህክምናውን መቋቋም እንደሚያቅተው ግን የታወቀ ነው።

በቀጣዩ ቀጠሮ እስከ ዘጠኝ እንደሚጾሙና እንደከሱ ለሀኪማቸው ሳትደብቂ ንገሪ፣ ቀጠሮው ሩቅ ከሆነ ቀድመሽ ሂጂ። ልባቸው ከጾሙ ጋር ከሆነ የንስሐ አባታቸውን ቤት ጥሪልኝ፣ ታማሚ እንዲበላ የሚፈቅዱት እነሱ ናቸው፣ ከአንቺም ከእኔም ይልቅ የሳቸውን ይሰማሉ። አጥሚቱን ደግሞ አንድ ትልቅ ኩባያ አታቅርቢላቸው፣ በሲኒ አድርጊው፣ ለብ ብሎ፣ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ።