ለ4 ዓመቷ ልጅዎ ባዶ ካርቶን ይስጧት

«የ4 ዓመት ልጄ አሻንጉሊቶቿ ቶሎ ይሰለቿታል፤ ስልክ ስከለክላት ታለቅሳለች፤ ቤት ውስጥ በምን ላጫውታት?» ብለው ለጠየቁት እናት፦

ሌላ አሻንጉሊት ከመግዛትዎ በፊት ባዶ ካርቶን ይስጧት። ቁልፉን ሲጫኑት የሚዘፍን መኪና ሁልጊዜ መኪና ብቻ ነው፤ ካርቶኑ ግን ጠዋት ታክሲ፣ ከሰዓት በኋላ ሱቅ፣ ማታ ደግሞ የአሻንጉሊት መኝታ ሊሆን ይችላል። ልጆች ከ2 ዓመት ገደማ ጀምሮ አንዱን ነገር በሌላው መተካት ስለሚችሉ፣ ዕቃው ራሱ ምንነቱን ባልወሰነ መጠን የእነርሱ ሐሳብ የበለጠ ይሠራል። እኛስ ዕቃ ዕቃ ስንጫወት ቆርኪው ሲኒ፣ ጭቃው ወጥ፣ ቅጠሉ እንጀራ አልነበረም?

የእኔዋ ባለፈው ክረምት ሁለት ወንበሮች ላይ ነጠላዬን ዘርግታ ቤት ከሠራች በኋላ በእርጎ ኩባያ አቦልና ቶናውን ቀድታልኝ፣ ልነሣ ስል «በረካውን ሳይጠጡ አይሄዱም» ብላ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀምጣኛለች። እዚህ ላይ የወላጅ ድርሻ እንግዳ መሆን እንጂ አለቃ መሆን አይደለም፤ «ታክሲው ወዴት ነው?» ብለው ይሳፈሩ እንጂ «መሪው እንዲህ አይያዝም» እያሉ አያርሟት።

የስልኩ ልቅሶ በአንድ ቀን ላይቆም ስለሚችል አይደናገጡ። ከ3 ዓመት በታች የሆነ ታናሽ ካላት ግን ቆርኪ፣ የልብስ ቁልፍና ባቄላ ጉሮሮ ላይ ሊሰነቀሩ ስለሚችሉ እርሱ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጡ።