ቀደር ነው ብሎ አፍ ማዘጋት

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቀደር፣ ማለትም ስለ አላህ ቅድመ ውሳኔ ናቸው። ሁሉ ነገር አስቀድሞ ከተጻፈ የእኛ ድርሻ ምንድነው? መጀመሪያ ልንገራችሁ፣ እኔ ዓሊም (የሃይማኖት ሊቅ) አይደለሁም። ሸይኾች ዘንድ ተቀምጬ የሰማሁትንና አንብቤ የገባኝን ነው የምጽፍላችሁ። አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ፣ አንዱ ላይ ግን እቆያለሁ።

ጥያቄ፦ ሦስት ቀን ኢስቲኻራ (አላህ የሚሻለውን እንዲመርጥልኝ የሚሰገደውን ሶላት) ሰገድኩ፣ ምንም ሕልም አላየሁም። አላህ አልመለሰልኝም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ኢስቲኻራን ያስተማረን የነቢዩ ሐዲስ ውስጥ ስለ ሕልም የተባለ ነገር የለም። ሁለት ረከዓ ትሰግጃለሽ፣ ዱዓውን ታደርጊያለሽ፣ የሚያውቅ ሰው ታማክሪያለሽ፣ ከዚያ ወደ ጉዳይሽ ትገቢያለሽ።

ጥያቄ፦ የማገባት ሴት ተጽፋልኛለች። ታዲያ መፈለግ ለምን?

መልስ፦ ምሳህም ተጽፎልሃል፣ ግን ርቦህ ቁጭ አትልም። ሽማግሌ ላክ።

ጥያቄ፦ አንዲት የሐረር እህት ረዘም አድርጋ ጽፋለች። ነገሩ ይህ ነው። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላሉ አንድ ልብስ ሰፊ የኒካሕ (የጋብቻ) ቀሚስ እንዲሰፉላት ሰጠች። «ሐሙስ ኢንሻአላህ» አሏት። ሐሙስ ስትሄድ ጨርቁ ገና አልተቆረጠም። ስትቆጣ «ኢንሻአላህ ብዬሻለሁ፣ አላህ ካልሻ ምን ላድርግ?» አሏት።

መልስ፦ መናደድሽ ልክ ነው። ቁርኣን ውስጥ ሱረቱል ከህፍ ላይ (18፥23-24) ነገ አደርገዋለሁ ስትል ኢንሻአላህ በል የሚለው ለመሥራት ላሰበ ሰው ነው። መቀሱን ያነሳ፣ ግን መብራት የጠፋበት ወይም የታመመ ሰው ኢንሻአላህ ማለቱ እውነት ነው። ጨርቁን ሳይነካ የከረመ ሰው ግን የገዛ ስንፍናውን በአላህ ስም ሸፈነ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሰውዬውን በክብር፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ንገሪያቸው።

ጥያቄ፦ ይህች ደግሞ ከድሬዳዋ ናት። እናቷን ያጣችው በ1998ቱ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ነው፣ ያኔ ልጅ ነበረች። ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ «ቀደር ነው፣ ጽኚ» አላት። አሁን የራሷ ልጆች አሏት። ባለቤቷ ኪራዩ ርካሽ ነው ብሎ ወንዙ ዳር ቤት አግኝቷል። እምቢ ስትለው «ቀደር አታምኚም እንዴ? የተጻፈ እንደሆነ የትም ብትሆኚ አይቀርልሽም» ይላታል። ኢማኔ (እምነቴ) ጎድሎ ይሆን? ትላለች።

መልስ፦ እህቴ፣ አላህ እናትሽን ይማርልሽ። ኢማንሽ አልጎደለም። ደብዳቤሽን ሁለት ሦስቴ አነበብኩት፣ ስለዚህ ረዘም ብል ታገሺኝ።

ለባለቤትሽ ይህን አንብቢለት። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም (የዛሬዋ ሶርያና አካባቢዋ) ሲጓዙ ሰርግ የሚባል ቦታ ላይ አገሩ ወረርሽኝ እንደገባበት ሰሙ። ሰው አማከሩና ለመመለስ ወሰኑ። የሻም ጦር መሪ አቡ ዑበይዳ «ከአላህ ቀደር ልትሸሽ ነው?» አላቸው። እሳቸውም ይህን ሌላ ሰው ባለው ኖሮ አሉና «አዎ፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንሸሻለን» ብለው መለሱ። ከዚያ በግመል አስረዱት። ግመሎችህን ይዘህ ሸለቆ ብትወርድ፣ አንዱ ወገን ለምለም፣ ሌላው ደረቅ ቢሆን፣ ለምለሙ ላይ ብታሰማራቸው በአላህ ቀደር ነው፣ ደረቁ ላይ ብታሰማራቸውም በአላህ ቀደር ነው። ድሬ ዙሪያ ግመል የሚያረባ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ታሪኩ ቡኻሪና ሙስሊም በሚባሉት የሐዲስ መጻሕፍት ላይ አለ።

ባለቤትሽ ዳገት ላይ ያለውን ቤት ቢከራይ ከቀደር አይወጣም ማለት ነው። እሱም ቀደር ነው።

አንድ ነገር ለይተሽ እይልኝ። ዘመዶችሽ ያኔ ያሉሽ «ቀደር ነው» እና ባለቤትሽ ዛሬ የሚልሽ «ቀደር ነው» አንድ አይደሉም። የእነሱ ከሆነ በኋላ የተባለ ነው፣ ሐዘን እንዳይሰብርሽ። የእሱ ገና ሳይሆን የተባለ ነው፣ ላለማሰብ። ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ላይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ነገር ከደረሰብህ «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» አትበል፣ አላህ ወሰነ፣ የሻውን አደረገ በል ይላሉ። ይህን ሁላችንም ለቅሶ ቤት እንደጋግመዋለን። የዚያው ሐዲስ መጀመሪያ ግን የሚጠቅምህን ለማግኘት ጣር፣ በአላህ ታገዝ፣ አትስነፍ ይላል። እሱን ማን ያነሳዋል?

ደቻቱን እናውቀዋለን። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፣ ኳስ የተጫወትንበት ነው። ያን ሌሊት ውሃው ከላይ ከደጋው ወርዶ ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ሰው ለምን ወንዝ አፍ ላይ ይኖር ነበር፣ ለምን አስቀድሞ የነገረው የለም ብሎ መጠየቅ ኢማን ማጉደል አይደለም። አቦ፣ ይሄ ነገር ሁሌም ያንገበግበኛል! ሰው ጥያቄ ሲያነሳ «ቀደር ነው» ብለን አፉን እናዘጋዋለን። «አላህ ቢሻ ኖሮ በእሱ ሌላ ባላጋራንበት ነበር» ብለው ያመካኙት ሙሽሪኮች (ጣዖት አምላኪዎች) ናቸው፣ ቁርኣንም ወቀሳቸው (6፥148)። ከጎርፉ በኋላ በወንዙ ዳር ግንብ የሠሩ ሰዎች ቀደርን አልካዱም።

ቤቱን እምቢ በይ። ለእናትሽም «ባንኖርበት ኖሮ» እያልሽ ራስሽን አትብይ፣ አንቺ ልጅ ነበርሽ።

ጥያቄ፦ አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ነው። «ሺፋ (ፈውስ) ከአላህ ነው» ብሎ ኢንሱሊኑን ካቆመ ሁለት ቀን ሆነው። ምን ልበለው?

መልስ፦ ይህን ስታነብ ስልኩን ዝጋና አባትህን ሐኪም ቤት ውሰድ። ዛሬ፣ አሁን። ኢንሱሊን ሲቋረጥ ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣን ትንፋሽ ካለ አንድ ሰዓትም አትጠብቅ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) «የአላህ ባሮች ሆይ፣ ታከሙ» ብለዋል። መርፌው ሺፋው የሚመጣበት መንገድ ነው። አንተን ካልሰማህ የሚያከብራቸውን ሸይኽ ይዘህ ሂድ፣ ግን መጀመሪያ ሐኪም።

ጥያቄ፦ ሙዕተዚላና አሽዐሪያ የሚባሉት የእስልምና አስተምህሮ ቡድኖች በቀደር ጉዳይ የተለያዩት ምን ላይ ነው? (ተማሪ ነኝ)

መልስ፦ ባጭሩ፣ ሙዕተዚላ ሰው ሥራውን ራሱ ይፈጥራል አሉ። ጀብሪያ የሚባሉት ደግሞ ሰው ነፋስ እንደሚወስደው ላባ ነው አሉ። በ324 ሂጅራ ያረፉት ኢማም አሽዐሪ መሐል ላይ ቆመው ፈጣሪው አላህ ነው፣ ሰው ግን ሥራውን ያተርፋል አሉ። «ከስብ» ይሉታል። ለቀረው ኡስታዝህን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሶላት ትቷል፣ ቀኑን በጫት ነው የሚያሳልፈው። ስመክረው «አላህ ሂዳያ (ምሪት) ሲሰጠኝ እሰግዳለሁ» ይላል። እሱን ምን ልበለው? እኔስ ልተወው?

መልስ፦ ሂዳያ ሁለት ዓይነት ነው ይላሉ ዑለማ። አንዱ መንገድ ማሳየት ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ቀጥተኛው መንገድ ትመራለህ ተብለዋል (42፥52)። ሌላው ልብን ማቅናት ነው፣ እሱን አላህ ብቻ ነው የሚችለው። የሚወዷቸው አጎታቸው አቡ ጣሊብ ሳያምኑ ሲሞቱ የወደድከውን አታቀናም የሚለው ወረደ (28፥56)።

ወንድምሽ ሁለተኛውን እየጠበቀ የመጀመሪያውን ረግጦ ያልፋል። አዛኑ በቀን አምስቴ ይሰማዋል፣ ያ ምሪት ነው። «አላህ ሲሻ» የሚለውን ለጫቱ አይለውም፣ ተነስቶ ይገዛል።

አንቺም የሁለተኛው ጌታ አይደለሽም። ልቡን ካላቀናሁ ብለሽ አትጨቃጨቂው፣ ግን አትተዪውም። ዱዓ አድርጊለት። አርብ ቡና አፍይና ጥሪው። የመጀመሪያ ቀን ሶላት ባታነሺበትም ችግር የለውም፣ ጀበናው ሦስተኛ እስኪደርስ አብሮሽ ይቀመጥ።