ቡልጋርኛን በእንግሊዝኛ በኩል አትማሩት

የቡልጋሪያ ዋና ከተማ ሶፊያ የገባሁት በ1978 ዓ.ም. ለትምህርት ነው። አሁን አዲስ የሚመጡትን ልጆች ሳይ ያኔ እኔ የተሳሳትኩትን አንድ በአንድ እየደገሙት ነው። ስለዚህ ብቆጣ አትቀየሙኝ።

1. ወረቀት። ዲ ቪዛችሁ (የረጅም ጊዜ መግቢያው) ሳይቃጠል የመኖሪያ ፈቃድ ጠይቁ፣ የሁሉንም ኮፒ ያዙ። በቃ።

2. ፊደሉን ልመዱ። 30 ብቻ ነው። 231 ፊደል የቆጠረ ሰው 30 ከበደኝ ሲል አልሰማም! የቡልጋሮቹንም አንገት እዩ፤ "አዎ" ሲሉ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ይወዘውዛሉ፣ "አይ" ሲሉ ወደ ላይ ቀና ያደርጋሉ። ዤንስኪ ፓዛር የሚባለው የሶፊያ ገበያ ላይ አንዷን ባለ ቃሪያ "ኢማ ሊ?" አልኳት፣ አለ ወይ ማለቴ ነው። ራሷን ወዘወዘች። የለም ያለችኝ መስሎኝ ስሄድ ከረጢቱን ይዛ ከኋላዬ ትጣራለች።

3. ከእንግሊዝኛ አትተርጉሙ። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ለዶርም ዘበኛው "አዝ ሰም ስቱደን" አልኩት። የእንግሊዝኛውን "አይ አም ኮልድ" ቃል በቃል ገልብጬ ነው። እጄን ዳሰሰና ሳቀ። ለካ "እኔ ቀዝቃዛ ነኝ" ብዬዋለሁ፣ እንደ ሬሳ። የነሱ አባባል "ስቱደኖ ሚ ኤ" ነው፤ ለእኔ ቀዝቃዛ ነው እንደማለት፣ ማለትም የኛው "በረደኝ"። "ቦሊ ሜ ግላቫታ" ደግሞ ቁጭ "ራሴን አመመኝ" ነው። እኛ መጽሐፍን "መጽሐፉ" እንደምንለው እነሱም "ክኒጋ"ን "ክኒጋታ" ይላሉ፣ ከኋላ ቀጥለው። አንተና እርስዎም አላቸው፣ "ቲ" እና "ቪዬ"። እንግሊዝኛ ሁሉንም "ዩ" ውስጥ ስለሚከት ነው ጎረቤታችሁን ሽማግሌ "አንተ" እያላችሁ የምታስቀይሙት። አዲስ ልብስ ለለበሰ ሰው "በጤና ልበሰው" ይላሉ፣ "ዳ ጎ ኖሲሽ ሰስ ዝድራቬ"። በአማርኛ አስቡትና ግማሹ መንገድ አለቀ!

4. ልጆች። እዚህ ላይ መካሪ ለመሆን አፍ የለኝም። እንግሊዝኛ በር ይከፍትላታል ብዬ ቤቴ ውስጥ እንግሊዝኛን አነገሥኩት። ልጄ ቡልጋርኛውን ከትምህርት ቤት፣ እንግሊዝኛውን ከእኔ ያዘች፤ አማርኛ ዜሮ። እናቴ ስትደውል "እንዴት ነሽ የኔ እናት" ትላታለች፣ ልጅቷ ፈገግ ብላ ስልኩን ለእኔ ታቀብላለች። እናቴም "ሥራ በዝቶባት ነው" እያለች እኔኑ ታጽናናኝ ነበር። ስንት ጊዜ "ከዚህ ክረምት ጀምሮ አስተምራታለሁ" እንዳልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

እናቴ ያረፈች ዕለት ወጥ ቤት ተቀምጬ ነበር። ልጄ መጣችና በእንግሊዝኛ "ሶሪ" ማለት ጀመረች፣ ከዚያ ተወችው። ትከሻዬን ይዛ "ቦግ ዳ ያ ፕሮስቲ" አለችኝ። እግዚአብሔር ይማራት ማለት ነው። ነፍስ ይማር እኮ ነው! የ19 ዓመት ልጄ የገዛ አያቷን ነፍስ ይማር ያለችው በቡልጋርኛ ነው።

"በአማርኛ እንዴት ይባላል?" አለችኝ። ነገርኳት። ወረቀት አምጥታ እያስደገመችኝ በቡልጋርኛ ፊደል ጻፈችው። ከጎኑ በኛ ፊደል ጻፍኩላት፤ አገላብጣ አየችውና የትኛው "ነ" እንደሆነ ጠየቀችኝ።