መፍቻውን ጠርጎ ሄደ

ልጆቼ፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ቃሊቲ ባለችው ጋራዤ ሞተር ብስክሌት መጠገን የሚማር የ19 ዓመት ወጣት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በስልኩ ስፒድዌይ የሚባል የሞተር ብስክሌት ውድድር አሳየኝ። አራት ተወዳዳሪዎች ልል አፈር በለበሰ ሞላላ ሜዳ ላይ አራት ዙር ይጋልባሉ፤ በአንድ ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ሞተሩ 500 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በሜታኖል የሚነዳ፣ አንድ ማርሽ ብቻ ያለው ነው። ፍሬን ግን የለውም። ዕድሜውን ሙሉ ፍሬን ሲያጠብቅ ለኖረ ሰው ይህ በቀላሉ የሚዋጥ ነገር አይደለም። ኩርባው ላይ ሲደርሱ የኋላ ጎማው ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ብረት የተጫማው ግራ እግራቸው መሬቱን ይዳስሳል፤ ወደ ግራ እየታጠፉ የፊት ጎማቸው ወደ ቀኝ ያያል።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የስፒድዌይ የዓለም የቡድን ዋንጫን ካነሳች ወዲህ እንግሊዞች ሌላ የቡድን ድል ያዩት በ2021 ነው። ያኔ ማንችስተር ላይ እነ ሮበርት ላምበርትና ዳን ቢውሊ የታላቋ ብሪታንያን ቡድን ሻምፒዮን አደረጉት። ወጣቱ ይህን ነግሮኝ፣ “ጋሼ፣ ይህን ያህል ዘመን ጠፍቶ የሚመለስን ማን ቦታ ይጠብቅለታል?” አለኝ።

እኛስ 31 ዓመት ጠብቀን የለም? በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት፣ በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 የተሸነፈው ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፎ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለስ ጋራዤን ዘግቼ ከማላውቀው ሰው ጋር ተቃቅፌ አልቅሻለሁ። ለወጣቱ ይህን መመለስ እችል ነበር። አፌ ግን ተያዘ።

በ1987 ዓ.ም. ከጋራዡ ጀርባ ገና ጤፍ ይዘራ ነበር። ከዓለም ገና በኩል የመጣ አንድ ልጅ ረዳቴ ሆኖ ይሠራ ነበር። እጁ ዘገምተኛ ነው። ሞተር ሲፈታ መሬት ላይ ንጹሕ ጨርቅ ያነጥፍና እያንዳንዱን ብሎን በአወጣጡ ቅደም ተከተል ይደረድራል። ሲገጥም ደግሞ ሦስት ጊዜ ይነካካዋል። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ሲያጉረመርም እኔ በእሱ እበሳጭ ነበር። በሚያዝያ እናቱ ታመሙና ሊያስታምም ሄደ። እኔም ሌላ ልጅ ቀጠርኩ፤ ፈጣን፣ ካንዴላ ቀይሮ ካርቡራተር አጥቦ ሻይ ሳይቀርብ የሚጨርስ።

ሐምሌ ላይ በዝናብ ተመለሰ። ጫማው ጭቃ ነው፤ በፌስታል የተጠቀለለ የእናቱን ድፎ ዳቦ ይዟል። “ጋሼ፣ እናቴ ተሻላት” አለኝ። አንገቴን ከሥራዬ ቀና ሳላደርግ፣ “ቦታህ ተይዟል” አልኩት። “እንኳን ማራት” እንኳ አላልኩም። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ በራሱ ገንዘብ የገዛትን አሥር ቁጥር መፍቻ ከመሳቢያ አውጥቶ በጨርቅ ጠረጋትና ኪሱ ከተታት። “እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ” ብሎ ወጣ። ያን ዳቦ ከፈጣኑ ልጅ ጋር በላነው።

መስከረም ሳይጠባ አንድ የጤና ሠራተኛ እጁ በጀሶ ታስሮ በእግሩ መጣ። ያማሃውን እኛ ነበርን የሠራንለት። የኋላውን ፍሬን ዘንግ የምትይዘው ትንሽ ሽቦ አልገባችም ነበር። ጥፋቱን በፈጣኑ ልጅ ማላከክ አልችልም፤ ሳላየው ያስረከብኩት እኔ ነኝ። በሳምንቱ ዓለም ገና ያሉትን ጋራዦች አንድ በአንድ ዞርኩ። የድሮ ረዳቴን የሚያውቅ አልተገኘም።

ወደዚያ ውድድር ልመለስ። በአገሮች የጥንድ ውድድር የአንድ አገር ሁለት ተወዳዳሪዎች ከሌላው አገር ሁለት ጋር ይጋልባሉ፤ ነጥቡ ከአንደኛ እስከ አራተኛ 4፣ 3፣ 2፣ 0 ነው። አንዳችሁ አንደኛ ወጥቶ ሌላችሁ መጨረሻ ቢቀር አራት ታገኛላችሁ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ሆነው የገቡት ግን አምስት ይዘው ያሸንፋሉ። ይህን ስሰማ ልቤ ተነካ። እኔ በጋራዤ አንደኛውን ብቻ ነበር የምቆጥረው።

ስለ ሥራ ትጋት አልጽፍላችሁም፤ ወላጆቻችሁ ነግረዋችኋል። አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። የዛሬ ልጆች ሦስት ወር ሳትሠሩ ትሄዳላችሁ፤ ስትሄዱም አትሰናበቱም። ሥራ እንዲህ አይያዝም፤ የጀመረ ሰው መቆየት አለበት። ደግሞ ያ ልጅ የሄደው እናቱን ሊያስታምም ነበር፤ ልክም ነበር። ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቅ አላውቅም፤ ሁለቱንም አምናለሁ። ከእናንተ ነገ ጋራዥ የሚከፍት፣ ሰው የሚቀጥር ይኖራል። የሚመለስ ሰው ሲመጣ ቢያንስ ቀና ብላችሁ ፊቱን እዩት።

ወጣቱ የጠየቀኝ ስለ እንግሊዞች ብቻ እንዳልነበር የገባኝ ትናንት ነው። አባቱን አጨዳ ሊያግዝ ለሁለት ወር ወደ ደብረ ብርሃን ይሄዳል። ማታ መፍቻዎቹን በከረጢት ሲሰበስብ ደረስኩበት። ከረጢቱን ተቀብዬ አንድ በአንድ ወደ መሳቢያው መለስኳቸው፤ ቁልፉንም ለእሱ ሰጠሁት።