ክንፉ ላይ ከመውጣቱ በፊት ፈቃድ የጠየቀው መካኒክ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሃንጋር ውስጥ ነው። የአውሮፕላን ሞተር ስፈታና ስገጥም ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ሰነባብቻለሁ። ወጣት ቴክኒሻኖች አልፎ አልፎ ቤቴ ይመጡና «ጋሼ፣ እስቲ ምክር ይስጡን» ይሉኛል። ምክር ላይ ሰነፍ ነኝ። የምነግራቸው የአንድ የሙያ ባልደረባችንን ታሪክ ነው፤ ኖርማን ጃክሰን ይባላል።

እንግሊዛዊ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1919 ለንደን ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አየር ኃይል ሲገባ ሥራው እንደኛው ሞተር መጠገን ነበር፤ ሴራሊዮን ድረስ ተልኮ ባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ሲጠግን ቆይቷል። በኋላ ሠልጥኖ የበረራ መሐንዲስ ሆነ። ላንካስተር የሚሉት ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ ሰባት ሰው ይይዛል። የበረራ መሐንዲሱ ከአብራሪው ጎን ሆኖ ነዳጁንና የሞተሮቹን ጌጅ ይጠብቃል።

ያ ሥራ ሰው ይበላ ነበር። በእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ጦር ከበረሩት 125 ሺህ ያህል ሰዎች 55,573ቱ ሞተዋል። ስለዚህ 30 ጊዜ በርሮ የተረፈ ሰው እንዲያርፍ ይደረግ ነበር። ጃክሰን 30ውን ጨርሷል፤ ነገር ግን አንዱን የበረረው ከሌላ ቡድን ጋር ስለነበር የራሱ ጓደኞች አንድ ቀራቸው። እኔም እሄዳለሁ አለ። ልጅ ተወለደልህ የሚል ዜናም የደረሰው ለዚያ በረራ በተነሡበት ዕለት ነበር።

ኤፕሪል 26 ቀን 1944 ማታ ወደ ሽዋይንፈርት በረሩ። ከተማዋ የጀርመን የኩሽኔታ፣ ማለትም የሚሽከረከር ዘንግ የሚሸከመው ቀለበት፣ ፋብሪካዎች መናኸሪያ ነበረች። (ኩሽኔታ ከሌለ ምን እንደሚሽከረከር ለእናንተ አልነግራችሁም። ከፋብሪካው ዙሪያ ግን ሰው የሚኖርበት ከተማ እንደነበረም አልረሳም፤ ጦርነቱን እያወደስኩ አይደለም።) ቦምባቸውን ጥለው ሲመለሱ ተዋጊ አውሮፕላን መታቸው። በቀኝ ክንፍ ላይ፣ ነዳጅ ጋኑ አጠገብ እሳት ተነሣ። ጃክሰንም በፍንጣሪ ቆስሏል።

ታዲያ ምን አደረገ? አብራሪውን ፈቃድ ጠየቀ። እኔ እዚህ ጋ ሁሌም ቆም እላለሁ። ክንፉ እየነደደ፣ እርሱ እየደማ፣ «ወጥቼ ላጥፋው?» ብሎ አለቃውን ጠየቀ። ተፈቀደለት። እሳት ማጥፊያውን ጃኬቱ ውስጥ ሸጎጠ፣ ፓራሹቱን ታጠቀ፣ ከአብራሪው ራስ በላይ ያለውን መውጫ ከፍቶ ወጣ። ከፍታው ከስድስት ሺህ ሜትር በላይ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

ገና ሲወጣ ፓራሹቱ ተፈታና ጨርቁም ገመዱም አብራሪው ክፍል ውስጥ ተዘረገፈ። አብራሪው፣ ቦምብ ጣዩና መንገድ መሪው ጨርቁን ሰብስበው ገመዱን ያዙለት፤ እርሱ ወደ ኋላ በተሳበ ቁጥር ቀስ እያሉ ለቀቁለት። ሜዳሊያው የአንድ ሰው ነው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ ዓይኔ የሚሄደው ወደነዚያ እጆች ነው።

ከዚያ ተንሸራቶ ክንፉ ላይ ወደቀ፤ የአየር ማስገቢያውን ጨብጦ ተረፈ። እሳት ማጥፊያው አመለጠው። ነበልባሉ ፊቱንና እጆቹን ለበለበው፣ ነፋሱም ጠራርጎ ወሰደው፤ ፓራሹቱ እየነደደ ወረደ። አብራሪው ሌሎቹንም ዝለሉ አላቸው። አራቱ ተረፉ፤ አብራሪውና የጭራው ተኳሽ ሞቱ። ጃክሰን ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ፣ አንድ ዓይኑ ተጨፍኖ፣ ሲነጋ እየዳኸ መንደር ደረሰና ተማረከ። አሥር ወር ሆስፒታል ተኛ።

ልብ በሉ፣ እሳቱን አላጠፋም። ቪክቶሪያ ክሮስ፣ የእንግሊዝ ከሁሉ ከፍተኛው የጀግና ሜዳሊያ፣ ላልተሳካ ጥገና ተሰጠው። ያደረገውም የታወቀው ከምርኮ የተመለሱት ጓደኞቹ ሲናገሩ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በእነዚያ በተጎዱ እጆች የውስኪ ሻጭ ሆኖ ከቦታ ቦታ እየዞረ ሰባት ልጆች አሳደገ፤ በ1994 ሞተ።

የእኔ ታሪክ ከዚህ አጠገብ አይቀርብም፤ ግን ልንገራችሁ። በወጣትነቴ አንድ ሌሊት የሞተር ሽፋን ዘግቼ ዕቃዬን ስቆጥር አንድ ካቻቢቴ ጎደለ፤ ሞተሩ ውስጥ ረስቼው ይሆናል። አውሮፕላኑ ጎሕ ሲቀድ ይነሣል። ዝም ብል ማን ያውቃል? ጉሮሮዬ ደርቆ አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ። ቀና ብሎ አየኝና «ክፈተው» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። አራት ጓደኞቼ የያዙትን ሻይ ትተው ባትሪያቸውን ይዘው መጡ። አንዱ በሆዱ ተኝቶ፣ አንዱ ትከሻዬ ላይ ቆሞ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ፈለግን። መንገደኛው ተቆጣ፣ በረራው ዘገየ።

ካቻቢቴው የተገኘው ወንበር ላይ ከሰቀልኩት ጃኬቴ ነው፤ በኪሱ ቀዳዳ ሾልኮ ገበሩ ውስጥ ገብቷል። ያን ለታ የፈረቃውን ቁርስ የከፈልኩት እኔ ነኝ።